«ቬነስ ናት እንዳትሉኝ»፦ መኪና የተከተለው ብርሃን

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂያችን ፀሐይ ከጠለቀች አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ መኪና እየነዳ ሳለ በምዕራብ በኩል አንድ በጣም ደማቅ ነጭ ብርሃን አየ። ብርሃኑ ከመኪናው እኩል ይሄዳል። መንገዱ ሲታጠፍ ወደ ሌላኛው መስኮት ይዞራል። መኪናው ሲቆም እሱም ቆመ። ግማሽ ሰዓት ያህል ከቆየ በኋላ ዝቅ እያለ፣ ቀይና አረንጓዴ እየፈነጠቀ ሄደና ድርግም ብሎ ጠፋ። በስልኩ ዙም አድርጎ ሲቀርጸው ውስጡ የሚርገበገብ ክብ ነገር ወጣለት። በማግስቱም በዚያው ሰዓት እዚያው ቦታ ላይ ነበር። ጓደኛው ደግሞ በሌላ ምሽት በሰልፍ የሚጓዙ መብራቶች አይቷል። መጨረሻ ላይ እንዲህ ይላል፦ «ቬነስ ናት እንዳትሉኝ። ኮከብ ሰው አይከተልም። ደግሞ እናንተ ሁሉንም ነገር በቬነስ ማለፍ ለምዶባችኋል።»

ወንድሜ፣ ቬነስ ናት።

ቅር አይበልህ፣ ምክንያቱን ልንገርህ። እንዲህ ያልኩህ ብርሃኑ ደማቅ ስለነበር ብቻ አይደለም። ሰዓቱን ነገርከኝ፣ አቅጣጫውን ነገርከኝ፣ ምን ያህል እንደቆየ ነገርከኝ፣ በማግስቱ እዚያው መምጣቱንም ጨመርክልኝ። የሰማይ ነገር የሚፈታው በእነዚህ ነው። ሰዎች ሲጽፉልኝ አብዛኛውን ጊዜ ተገላቢጦሽ ነው፤ ስለ ቅርጹና ስለ ድንጋጤያቸው አንድ ሙሉ ገጽ ይጽፉና «ስንት ሰዓት ነበር?» ስላቸው «ማታ ነው» ይሉኛል። አንተ ግን በደንብ ስለጻፍክ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ያለህበትን ቦታ ስቴላሪየም የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ላይ አስገባሁት። ፕላኔቷ ቬነስ አንተ ባልከው አቅጣጫ ላይ ከአድማስ ወደ 10 ዲግሪ ከፍ ብላ ነበረች። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ወደ 3 ዲግሪ ወርዳለች። በዚያ በኩል ሌላ ያን ያህል የደመቀ ኮከብም ፕላኔትም አልነበረም። ያየኸው ሌላ ነገር ቢሆን ኖሮ ቬነስንም አብረህ ማየት ነበረብህ፤ ሁለት ብርሃን ማለት ነው። አንተ ያየኸው ግን አንድ ነው።

እሺ፣ መከተሉስ? ስትነዳ መንገድ ዳር ያለው ዛፍ ሽው ብሎ ወደ ኋላ ይቀራል። ራቅ ያለው ቤት ቀስ ይላል። ተራራው ከዚያም ይዘገያል። አእምሯችን ሩቁን ከቅርቡ፣ የቆመውን ከሚሄደው የሚለየው በዚህ ነው። ወደ ኋላ የሚቀር ነገር ቆሟል፣ ከኔ እኩል የሚሄድ ነገር ይንቀሳቀሳል። ቬነስ በጣም ቀርባን እንኳ ወደ 40 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ትርቃለች። ስለዚህ 30 ኪሎ ሜትር ነዳህ አልነዳህ የምትታይበት አቅጣጫ ለዓይን የሚሆን ለውጥ አያሳይም። ዛፉ ሲቀር፣ ቤቱ ሲቀር፣ ተራራው ሲቀር እሷ አትቀርም። አእምሮህ ለዚህ ያለው ትርጉም አንድ ነው፦ እየተከተለችኝ ነው። መንገዱ ሲታጠፍ የዞረው መኪናህ ነው። ስትቆም ደግሞ ወደ ኋላ የሚቀር ነገር ስለሌለ እሷም የቆመች ይመስልሃል። ልጆች ሆነን ጨረቃ ትከተለን የነበረው በዚሁ ነው። ጨረቃን ስለምናውቃት ማንም ደንግጦ ጥያቄ አይልክም እንጂ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማይገባው አንድ ነገር አለ። በጨለማ ውስጥ ብቻውን ያለ ብርሃን ርቀቱን በምንም አይነግርህም። ሁለቱ ዓይኖቻችን ተባብረው ርቀት የሚለኩት ቅርብ ላለ ነገር ነው። 300 ሜትር ላይ ያለ የድሮን መብራት፣ 20 ኪሎ ሜትር ላይ ወደ አንተ የሚመጣ አውሮፕላንና ሌላ ፕላኔት በዓይን አንድ ናቸው፤ ሁሉም ነጥብ ናቸው። ርቀቱን ካላወቅህ መጠኑንም አታውቅም፣ ፍጥነቱንም አታውቅም። «ከመኪና የሚበልጥ ነበር፣ ከዛፎቹ በላይ 100 ሜትር ላይ ነበር» የሚሉ ምስክሮች አይዋሹም። አእምሯቸው ባዶውን ቦታ ሞልቶ ነው የሰጣቸው፤ ሲሞላ ደግሞ አያስፈቅድም።

«ፓይለት ግን አይሳሳትም» የሚል መልስ ወዲያው እንደሚመጣ አውቃለሁ። ይሳሳታል። በጃንዋሪ 2011 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ከቶሮንቶ ወደ ዙሪክ አትላንቲክን በሌሊት እያቋረጠ የነበረ የኤር ካናዳ ቦይንግ 767 ላይ የሆነው ይህ ነው። ረዳት አብራሪው አረፍ ብሎ ገና መንቃቱ ነበር። ከፊት ለፊት አንድ ወታደራዊ አውሮፕላን ከእነሱ ዝቅ ብሎ እንደሚመጣ ተነገረው። ቀና ሲል ቬነስን አየና አውሮፕላኑ እሷ መሰለችው። ቀጥሎ እውነተኛውን አውሮፕላን ሲያይ ደግሞ ሊጋጨን ነው ብሎ መሪውን ወደ ታች ገፋው። ካፒቴኑ ደርሶ መለሰው። 16 ሰዎች ተጎዱ፤ አብዛኞቹ ቀበቶ ያላሰሩ ነበሩ። የካናዳ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ መርምሮ ያወጣው ታሪክ ነው።

ወታደርም ያው ነው። በ2012 እና በ2013 የህንድ ጦር ላዳክ ውስጥ በቻይና ድንበር በኩል በየሌሊቱ ብርሃን እያየ የቻይና ድሮን ነው ብሎ ለወራት መዘገበ። 329 ጊዜ ታይቷል ተብሎ ተመዘገበ። መጨረሻ ላይ የህንድ የአስትሮፊዚክስ ተቋም ሰዎች ተጠርተው ብርሃኑ ከሰማዩ ጋር አብሮ መዞሩንና አለመዞሩን ለኩ። ዞረ። አንዱ ጁፒተር፣ ሌላዋ ቬነስ ነበሩ። እነዚህ ወታደሮች የዋህ ስለሆኑ አይደለም። ከተራራው ማዶ ድሮን እንዲጠብቁ ተልከዋል፤ የሚጠብቅ ሰው ያያል።

ወደ ቀለሙ ልምጣ፣ ምክንያቱም አንተን ያስደነገጠህ እሱ ይመስለኛል። ከአናትህ በላይ ያለ ኮከብ ብርሃኑ የሚያልፈው በቀጭኑ የአየር ንብርብር ነው። አድማስ ላይ ያለው ግን ወደ 40 እጥፍ በሚጠጋ አየር ውስጥ አግድም ሰንጥቆ ነው የሚደርስህ። ያ አየር ጸጥ ያለ አይደለም፤ ሞቃቱና ቀዝቃዛው እየተቀላቀለ ይናጣል። አየሩ ቀዩንና ሰማያዊውን በትንሹ በተለያየ መጠን ስለሚያጎብጥ አንዴ ቀዩ፣ አንዴ አረንጓዴው፣ አንዴ ሰማያዊው ዓይንህ ላይ ያርፋል። በሴኮንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ ይለዋወጣል። በዚህ ጉዳይ ዋናዋ ተጠርጣሪ እንዲያውም ሲሪየስ ናት። ከፀሐይ ቀጥሎ በሰማይ ላይ የደመቀችው ኮከብ እሷ ናት። ዝቅ ብላ ስትወጣ ወይ ስትጠልቅ የፖሊስ መኪና መብራት ነው የምትመስለው። ቬነስ ፕላኔት ስለሆነች ከፍ ስትል እንዲህ አትሆንም፣ የተረጋጋች ናት። አድማስ ስትነካ ግን እሷንም አይምራትም። የጠፋችውም በዚያው ምክንያት ነው። ጨለማ ውስጥ የማይታይ ኮረብታ ወይም ጭጋግ ይጋርዳታል፤ የሚጋርደው ነገር ስለማይታይህ አንድ ሰው ያጠፋት ይመስልሃል።

አንተ ባትጠቅሰውም ሌሎች ሁሌ የሚሉት አንድ ነገር አለ፦ «ቆሞ ሳለ ወዲያና ወዲህ ይል ነበር፣ ዚግዛግ ይሠራ ነበር።» ይሄ የታወቀ የዓይን ነገር ነው። ዙሪያው ጨለማ የሆነ ነጠላ ብርሃን ላይ ለረጅም ጊዜ ብታፈጥ ብርሃኑ መንሳፈፍ ይጀምራል። ታላቁ ተመራማሪ አሌክሳንደር ፎን ሁምቦልት በ1799 ቴነሪፌ ደሴት ተራራ ላይ ሆኖ ኮከቦች ሲወዛወዙ አይቶ ጽፏል፣ የእውነት የሚወዛወዙ መስሎት። ለማጣራት ቀላል ነው። ግድግዳ ተደገፍና ብርሃኑን ከጣሪያ ጠርዝ ወይም ከኤሌክትሪክ ምሰሶ ጫፍ ጋር አስተካክለህ እይ። ከምሰሶው ጋር ያለው ርቀት ካልተለወጠ ብርሃኑ አልተንቀሳቀሰም፣ በቃ።

ስልኩ ደግሞ ትልቁ አሳሳች ነው። ቪዲዮህን አየሁት። መጀመሪያ ትንሽ ነጥብ ናት፣ ዙም ስታደርግ ትልቅ ክብ ሆነች፣ ውስጧ እንደ ውሃ ይርገበገባል፣ ትሰፋለች፣ ትጠባለች። ይሄ ፎከስ ያጣ ካሜራ ነው። ካሜራው ጨለማ ውስጥ ምን ላይ ፎከስ እንደሚያደርግ ስለማያውቅ ወዲያና ወዲህ ይፈልጋል። ፎከስ ያጣ ነጥብ የካሜራውን ቀዳዳ ቅርጽ ይይዛል። ስለዚህ ያየኸው ክብ የስልክህ ሌንስ ነው። የሚርገበገበው አየሩ ነው። ውስጡ ያለችው ጥቁር ነጥብ አቧራ ሳትሆን አትቀርም። ቀዳዳው ሦስት ማዕዘን የሆነ መሣሪያ ቢሆን ኖሮ ሦስት ማዕዘን ታይ ነበር። ይህም ቀልድ አይደለም። የአሜሪካ ባህር ኃይል ያነሳው «የሚበር ፒራሚድ» የሚባል አረንጓዴ ቪዲዮ ዓለምን ሲዞር ነበር። በሜይ 2022 ለኮንግረስ ቀርበው ያስረዱት ባለሥልጣን ሦስት ማዕዘኑ የመጣው በሌሊት መነጽርና በካሜራው ምክንያት እንደሆነ ተናግረዋል። በነገራችን ላይ፣ የስልክ ዲጂታል ዙም ምንም ነገር አያቀርብም፤ ያንኑ ብዥታ ነው የሚያሰፋው። ቬነስን በእውነት በቅርበት ማየት ከፈለግህ ትንሽ ቴሌስኮፕ ይበቃል፤ እንደ ጨረቃ ግማሽ ወይም ማጭድ ሆና ታያታለህ፣ እሱ ከዩፎውም (ማንነቱ ካልታወቀው በራሪ ነገር) ይበልጥ ያስደንቃል።

አሁን ወደ ጓደኛህ። በአንድ መስመር ተደርድረው፣ ድምፅ ሳያሰሙ፣ በእኩል ፍጥነት የሚያልፉ ነጥቦች ከሆኑ ስታርሊንክ የሚባሉት የስፔስኤክስ ኩባንያ የኢንተርኔት ሳተላይቶች ናቸው ብዬ በድፍረት እናገራለሁ። የመጀመሪያው ስብስብ የተተኮሰው በሜይ 2019 ነው፣ 60 ሳተላይት በአንድ ጊዜ። በማግስቱ ኔዘርላንድስ ውስጥ ሰልፉ በቪዲዮ ተቀረጸ፣ የዩፎ ጥቆማም ጎረፈ። ሳተላይቶቹ ገና ሲለቀቁ ዝቅ ብለውና ተጠጋግተው ስለሚሄዱ ባቡር ይመስላሉ። ቀናትና ሳምንታት ሲያልፉ እየተራራቁ ወደ መደበኛ ከፍታቸው ይወጣሉና ሰልፉ ይፈርሳል። የሚታዩት ለምን ምሽት ላይ ወይም ንጋት ላይ ብቻ ሆነ? አንተ ጋ ፀሐይ ጠልቃለች፣ እነሱ ጋ ግን በመቶዎች ኪሎ ሜትር ከፍ ስላሉ ገና አልጠለቀችም። የራሳቸው መብራት የላቸውም፣ የፀሐይን ብርሃን ነው የሚመልሱት። ወደ ምድር ጥላ ሲገቡ ደግሞ አንድ በአንድ ሰማዩ መሃል ላይ ይጠፋሉ። ጓደኛህ «ደመና ሳይኖር እዚያች ቦታ ሲደርሱ በየተራ ጠፉ» ካለህ ያቺ ቦታ የጥላው ጠርዝ ናት። ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያም እንደዚያው ነው። 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ በሰዓት ወደ 28,000 ኪሎ ሜትር ይከንፋል። በጥቂት ደቂቃ ሰማዩን ያቋርጣል፣ አይብለጨለጭም፣ ድምፅ የለውም። ቀይና አረንጓዴ መብራት፣ ብልጭ ድርግም የሚል ነጭ መብራት ካለው አውሮፕላን ነው።

ጠምዛዛ ብርሃን አየሁ የሚልም አለ። በዲሴምበር 2009 ሰሜን ኖርዌይ ላይ የታየው ግዙፍ ጠመዝማዛ ከባህር ሰርጓጅ የተተኮሰ ቡላቫ የተባለ የሩሲያ ሚሳይል ሙከራው ከሽፎ ነው። ከዚያ ወዲህ የሚታዩት አብዛኞቹ የፋልኮን 9 ሮኬት የላይኛው ክፍል እየተሽከረከረ የተረፈውን ነዳጅ ሲለቅ ነው፤ ኒውዚላንድ ላይ በ2022 እንደታየው።

ከሁሉም የሚገርመኝ ግን የማርች 3፣ 1968ቱ ነው። ዞንድ 4 የተባለውን የሶቪየት መንኮራኩር ካመጠቀው ሮኬት የቀረ ቁራጭ ምሥራቅ አሜሪካ ላይ ወደ ከባቢ አየር ገብቶ እየተቃጠለ አለፈ። ብዙ ሰው አየው፤ አብዛኛውም በተከታታይ የሚሄዱ የሚነዱ ነጥቦች አየሁ ብሎ በትክክል ተናገረ። ጥቂቶቹ ግን ሲጋራ የመሰለ፣ መስኮቶች የተደረደሩበት፣ ዝቅ ብሎ የሚበር መርከብ ነው ያዩት። የተፈጠረው ይህ ነው፦ በመስመር የሚሄዱ ብርሃኖች ታዩ፣ አእምሮ በመካከላቸው ያለውን ጨለማ አካል አደረገውና ብርሃኖቹን መስኮት አላቸው። ምስክሮቹ ቅን ሰዎች ነበሩ። እንዲህ ያለ ቁራጭ ከተወርዋሪ ኮከብ የሚለየው በቆይታው ነው። ተወርዋሪ ኮከብ በሴኮንድ ከ11 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚመጣ በጥቂት ሴኮንድ ያልቃል። ከምህዋር የሚወድቅ ነገር ወደ 8 ኪሎ ሜትር ገደማ ፍጥነት ይዞ አግድም ስለሚገባ ከአንድ ደቂቃ በላይ ሊታይ ይችላል። ለዚህ ነው «ምን ያህል ቆየ?» ብለን የምንነዘንዛችሁ።

አሁን ወቀሳህን እንየው። «ሁሉንም በቬነስ ታልፋላችሁ» ያልከው ላይ እውነት አለህ። በጃንዋሪ 7፣ 1948 አሜሪካ ኬንታኪ ግዛት ውስጥ ካፒቴን ቶማስ ማንቴል የተባለ አብራሪ በጠራራ ቀን ሰማይ ላይ የታየ አንድ የሚያብረቀርቅ ነገር እንዲያጣራ ተጠየቀ። ኦክስጅን ሳይዝ እያሳደደው ወደ ላይ ወጣ፣ ራሱን ሳይስት አልቀረም፣ አውሮፕላኑ ወድቆ ሞተ። አየር ኃይሉ መጀመሪያ የሰጠው መልስ ቬነስ የሚል ነበር። አቅጣጫው ይቀራረባል። ነገር ግን ቬነስ ቀን ላይ ብትታይም በሰማያዊው ሰማይ ውስጥ የመርፌ ጫፍ የምታክል ነጥብ ናት፤ የት እንዳለች አስቀድመህ ካላወቅህ አታገኛትም። ምስክሮቹ ያዩት ግን ሰፊ ነገር ነበር። ዛሬ በብዛት ተቀባይነት ያለው መልስ ስካይሁክ የተባለ የባህር ኃይሉ ግዙፍ ባሉን ነው፤ በጊዜው ምስጢር ስለነበረ ማንቴልም ሌሎቹም አያውቁትም። አቅጣጫ ብቻ ገጥሞ ድምቀትና መጠን ካልገጠመ መልሱ አልተገኘም ማለት ነው። እንዲህ ያለ የችኮላ መልስ ነው ሰው እኛን እንዳያምን ያደረገው፣ አይፈረድበትም።

ስለዚህ ቬነስ መቼ አይደለችም? ሰማይ ላይ ከፀሐይ ከ47 ዲግሪ በላይ አትርቅም። ምሽት ላይ በምዕራብ፣ ንጋት ላይ በምሥራቅ ነው የምትታየው። በእኩለ ሌሊት አናትህ ላይ ደማቅ ብርሃን አየሁ ካልከኝ ቬነስ አልልህም፣ ጁፒተር እንደሆነ ነው መጀመሪያ የማጣራው። ምሽት ምሽት ወደ 9 ወር ገደማ ትታይና ትጠፋለች፣ ከዚያ ንጋት ላይ ትመጣለች። በ10 ደቂቃ ውስጥ ሰማዩን ያቋረጠ ብርሃንም ቬነስ አይደለም፤ ሰማዩ የሚዞረው በሰዓት 15 ዲግሪ ብቻ ነው። ከደመና በታች ያለፈ ብርሃን ደግሞ ኮከብም ፕላኔትም ሳተላይትም አይደለም። ድሮን፣ ባሉን ወይም አውሮፕላን ፈልግ።

ሌላ ጊዜ አንድ ነገር ስታይ ስልኩን ከማውጣትህ በፊት እጅህን ዘርጋ። ክንድህን ሙሉ ዘርግተህ የጨበጥከው ቡጢ ወደ 10 ዲግሪ፣ ትንሿ ጣት 1 ዲግሪ ገደማ ትሸፍናለች። ከአድማስ ስንት ቡጢ ከፍ እንዳለ፣ ከየት ወደ የት እንደሄደ፣ ስንት ደቂቃ እንደቆየ ጻፍ። ከዚያ ስቴላሪየምን ወደዚያ ሰዓት መልሰህ ፕላኔቶችን፣ ሄቨንስ አባቭ በሚባለው ድረ ገጽ ላይ ሳተላይቶችን፣ ፍላይትራዳር24 በሚባለው ላይ አውሮፕላኖችን እይ። በማግስቱም ወጥተህ እይ። ኮከብ ከሆነ ትናንት ከነበረበት ሰዓት 4 ደቂቃ ቀድሞ እዚያው ቦታ ላይ ይሆናል፤ ፕላኔትም ከዚያ ብዙ አይርቅም።

ሁሉም ይፈታል ወይ ብትለኝ አይፈታም። የአሜሪካ አየር ኃይል ከ1947 እስከ 1969 ከሰበሰባቸው 12,618 የዩፎ ጥቆማዎች 701ዱ ማንነታቸው ሳይታወቅ ፋይላቸው ተዘግቷል። ናሳ ያቋቋመው ቡድንም በ2023 ባወጣው ሪፖርት ዋናው ችግር ጥራት ያለው መረጃ ማነሱ እንደሆነ ጽፏል። ካሜራው ምን እንደሆነ አይታወቅም፣ ርቀቱ አይታወቅም፣ ያየው ሰው አንድ ብቻ ነው። እንዲህ ካለ ፋይል ቬነስንም የሌላ ዓለም መርከብንም ማውጣት አይቻልም፤ እንደተዘጋ ይቀመጣል።

የጓደኛህን ግን ማጣራት እንችላለን። ቀኑን፣ ከተማውንና ወደ የትኛው አቅጣጫ ይሄዱ እንደነበር ጠይቀህ ላክልኝ። ሰዓቱን ካላስታወሰ የቀረጸው ቪዲዮ ዝርዝር ውስጥ እስከ ሴኮንዱ ተመዝግቦ ያገኘዋል። በቴሌግራም እየተላለፈ የመጣውን ሳይሆን ስልኩ ላይ ያለውን ዋናውን ፋይል ይክፈት፤ ሲላላክ ሰዓቱ ይቀየራል።